ከምች ስንሸሽ የሳንባ ምች

በባሕር ዳርም ሆነ በሌላው የጣና ዳርቻ ሕፃን የታቀፈች እናት ከደጅ ስትወጣ አስቀድማ የምታደርገው ነገር ቢኖር የልጇን ፊት በነጠላዋ ጫፍ መሸፈን ነው። ፀሐይ እንዳይነካው፣ ምች እንዳይመታው፣ የሰው ዓይን እንዳያርፍበትና ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ እንዳይገባበት ነው። ይህ ልማድ ከአያት ወደ እናት፣ ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣና ከፍቅር የመነጨ በመሆኑ እንደ ዋዛ የሚነቀፍ አይደለም። ይሁን እንጂ፣ ውድ አንባቢ ሆይ፣ ከፀሐይ ተሸሽጎ የሚያድግ ሕፃን አጥንቱና ደረቱ ሊደክም እንደሚችል፣ የደከመ ደረትም ለሳንባ ምች የተመቸ ሆኖ እንደሚገኝ በራሳችን አገር ሐኪሞች የተደረገ ምርምር ካመለከተ ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል። ዛሬ በዚህ ዓምድ ስለዚሁ ጉዳይ እንወያያለን።

ምርምሩ የተካሄደው በአዲስ አበባ፣ በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ነበር። ሥራውን የመሩት የሕፃናት ሐኪሙ ሉሉ ሙሄ ሲሆኑ፣ ከተባባሪዎቻቸው መካከል ዶክተር ስለሺ ሉልሰገድና ነዋሪነታቸው በአሜሪካ የሆነው ዶክተር ኤሪክ ሲሞይስ ይገኙበታል። የጠየቁት ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ሪኬትስ ያለበት ሕፃን ከሌላው ሕፃን ይልቅ በሳንባ ምች ይያዛልን? የሚል ነው። ሪኬትስ ማለት የሚያድገው የሕፃን አጥንት መጠንከር ሲገባው የሚለፈሰፍስበት በሽታ ነው።

ጥያቄውን ለመመለስ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆነ፣ የሳንባ ምች የያዛቸውን 500 ሕፃናት መረመሩ። በሌላ ወገን ደግሞ የሳንባ ምች የሌለባቸውን 500 ሕፃናት ወሰዱ። ከዚያም በሁለቱ ወገን ሪኬትስ ያለባቸውን ቆጠሩ። የሳንባ ምች ካለባቸው 500 ሕፃናት ውስጥ 210 ሪኬትስ ተገኘባቸው። ከሌሎቹ 500 ውስጥ ግን 20 ብቻ ነበሩ። እዚህ ላይ አንድ ሰው፣ «ድኻ ቤት ያደገ ልጅ ሁለቱም በሽታ ቢገጥመው ምን ይደንቃል?» ሊል ይችላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ተመራማሪዎቹም ይህን ስላልሳቱት የቤተሰቡን ብዛት፣ የቤቱን መጣበብ፣ ሕፃኑ ጡት ብቻ የጠባበትን ጊዜና ይህን የመሳሰለውን ሁሉ በሒሳብ አጣርተው ካወጡ በኋላ እንኳ የሳንባ ምች በያዛቸው ሕፃናት ላይ ሪኬትስ የመገኘቱ ዕድል ከሌሎቹ 13 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ ታትሟል።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ማወቅ ለእናት ይጠቅማታል። አጥንት የሚጠነክረው በካልሲየም ነው፤ ካልሲየም ከምግብ ወደ ሰውነት እንዲገባ ደግሞ ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋል። የእናት ጡት ወተት ለሕፃን ተወዳዳሪ የሌለው ምግብ ቢሆንም በውስጡ ያለው ቫይታሚን ዲ ጥቂት ነው። ስለዚህ አብዛኛውን የሚያዘጋጀው ፀሐይ ያረፈበት የሕፃኑ ቆዳ ራሱ ነው። ፀሐይ ያላየ ቆዳ ቫይታሚኑን አይሠራም። በዚህ ጊዜ የጎድን አጥንቶች ይለፈሰፍሳሉ፤ ጡንቻም ይደክማል። ጤነኛ ሕፃን ሳንባው ውስጥ አክታ ሲጠራቀም ደረቱን ነፍቶ፣ በኃይል ስሎ ያወጣዋል። ሪኬትስ ያለበት ሕፃን ግን አየር ሊስብ ሲሞክር የጎድን አጥንቶቹ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳሉ፤ ሳሉም አቅም የለውም። አክታው እዚያው ይቀራል፤ ጀርሙም እዚያው ይራባል።

ምልክቶቹንም ማስተዋል ይቻላል። ሕፃኑ ተቀምጦ ወይም ቆሞ መሄድ በሚገባው ወራት ሳይሄድ ይዘገያል። ጥርሱ ቶሎ አይወጣም። እርግብግቢቱ ሳትገጥም ትቆያለች። የእጁ አንጓ ወፍሮ ይታያል፤ ደረቱ ግራና ቀኝ ሲዳሰስ መቁጠሪያ የመሰለ ጉብታ ይገኝበታል። መቆም ሲጀምር እግሮቹ ይቆለመማሉ። ከነዚህ አንዱን ያየች እናት «ሲያድግ ይተወዋል» ብላ መቀመጥ አይገባትም። በሽታው በሕክምና የሚድን ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። ፀሐይ መታው፣ ምች አገኘው እያልን ልጁን እንሸፍናለን፤ ያው የሸሸነው ስም ደግሞ ከሳንባ ጋር ተጣምሮ «የሳንባ ምች» ተብሎ በሌላ በር ይመጣብናል። ሁለቱ በሽታዎች ከስማቸው በቀር የሚያገናኛቸው ነገር የለም። የሳንባ ምች በፀሐይም፣ በነፋስም፣ በመታጠብም አይመጣም፤ ከሰው ወደ ሰው በሚተላለፉ ባክቴሪያዎችና ቫይረሶች የሚመጣ ነው።

«ባሕር ዳር ፀሐይ መች ጠፋና!» የሚል አይታጣም። እውነት ነው፤ ፀሐይ ሞልቷል። ግን ፀሐይ በደጅ መሞላቱና ሕፃኑን መንካቱ የተለያዩ ናቸው። ቀድሞ በነጠላና በአንቀልባ ይሸፈን የነበረው ልጅ ዛሬ በኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከሞግዚት ጋር ተዘግቶበት ይውላል። በመስኮት የሚገባው ብርሃን እንደ ፀሐይ ይቆጠራል ብለው አይሳቱ፤ ቫይታሚን ዲ እንዲሠራ የሚያደርገው ጨረር በመስተዋት አያልፍም። ስለሆነም ሕፃኑን ከቤት ደጃፍ ወይም በረንዳ ላይ አውጥተው፣ ዓይኑን ከልለው፣ እጁን፣ እግሩንና ጀርባውን ገልጠው ረፋዱ ላይ፣ ፀሐዩ ሳይከር ለጥቂት ደቂቃ በየዕለቱ ማሞቅ ይገባል። ከሥራ የማትቀር እናት ይህን ለሞግዚቷ ወይም ለአያት በግልጽ መናገር አለባት፤ አያት ካልተስማሙ ደግሞ ምክንያቱን በአክብሮት ማስረዳት ነው። ብዙ ጊዜ ልጅ የሚሸፈነው በእናቱ ሳይሆን በአያቱ ትእዛዝ መሆኑን እናውቃለንና።

ታዲያ ፀሐይ ካገኘ ሌላው ሁሉ ይቅር ማለት ነውን? አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 በዚያው በላንሴት ላይ የታተመ፣ በአፍጋኒስታን ዋና ከተማ በካቡል የተካሄደ ጥናት ነበር። ከ3 ሺህ በላይ ለሆኑ ሕፃናት፣ ለግማሾቹ ቫይታሚን ዲ በየሦስት ወሩ እየተሰጠ ታየ። በሳንባ ምች መያዛቸውን ግን አልቀነሰውም። ይህ ማለት የአዲስ አበባው ጥናት ስሕተት ነበር ማለት አይደለም፤ አጥንቱ የደከመ ልጅ ደረቱ መድከሙ እንዳለ ነው። ነገር ግን ፀሐይና ቫይታሚን ጀርሙን አይገድሉትም። ለጀርሙ የተዘጋጀው ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም ክትባት ነው።

ሕፃናትን በሳንባ ምች ከሚገድሉት ባክቴሪያዎች ዋነኞቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ኒሞኮከስ ይባላል፤ ሁለተኛው በአጭሩ ሂብ ተብሎ ይጠራል። ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው ዕድሜያቸው ከ3 ወር በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ ባደረጉት ሌላ ምርምር ካገኟቸው ተሕዋስያን አንዱ ይኸው ኒሞኮከስ ነበር። ያ ምርምር የዓለም ጤና ድርጅት በኢትዮጵያ፣ በጋምቢያ፣ በፊሊፒንስና በፓፑዋ ኒው ጊኒ ያካሄደው ሰፊ ሥራ ክፍል ነው። ከሥራው መሪዎች አንዱ የነበሩት አውስትራሊያዊው የሕፃናት ሐኪም ኪም ሙልሆላንድ በጋምቢያ የሂብን ክትባት ከ42 ሺህ በሚበልጡ ሕፃናት ላይ ፈትነው፣ በራጅ የታየውን የሳንባ ምች በ21 ከመቶ መቀነሱን እ.ኤ.አ. በ1997 አሳወቁ። በዚያው አገር ከ17 ሺህ በላይ ሕፃናት የተሳተፉበት የኒሞኮከስ ክትባት ሙከራ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲታተም በራጅ የታየው የሳንባ ምች በ37 ከመቶ፣ የሕፃናቱ ሞት በጠቅላላው በ16 ከመቶ መቀነሱ ተገለጸ። ከ100 ሞት 16ቱን በአንድ ክትባት ማስቀረት ምን ማለት እንደሆነ ልጅ የቀበረ ያውቀዋል።

በአገራችን የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። የሂብ ክትባት በ1999 ዓ.ም አምስት በሽታዎችን በአንድ መርፌ ከሚከላከለው ክትባት ጋር ገባ፤ የኒሞኮከሱ፣ እናቶች ፒ.ሲ.ቪ. ሲባል የሚሰሙት፣ በጥቅምት ወር 2004 ዓ.ም ተጀመረ። ሁለቱም ሕፃኑ በተወለደ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይሰጣሉ። በአምስቱ ውስጥ ትክትክ ሳልም አለበት። በ9ኛ ወርና በ15ኛ ወር የሚሰጠውን የኩፍኝ ክትባት ከሳንባ ጋር ምን አገናኘው የሚሉ እናቶች አሉ። ኩፍኝ የያዘውን ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው ሽፍታው ሳይሆን ተከትሎት የሚመጣው የሳንባ ምች ነው።

በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ የምትሠሩ፣ በመሥሪያ ቤት ወይም በሱቅ የምትውሉ እናቶች ይህን በተለይ ልብ እንድትሉ እንፈልጋለን። የመጀመሪያዎቹ ክትባቶች በአራስነትና በወሊድ ፈቃድ ጊዜ ስለሚውሉ እምብዛም አይረሱም። የ9ኛውና የ15ኛው ወር ግን እናት ወደ ሥራዋ ከተመለሰች በኋላ የሚመጡ ናቸው። ልጁ ድክ ድክ ብሏል፣ ጤነኛ ነው፣ ካርዱም ከልብስ ሣጥን ሥር ገብቷል። ቀኑን ቤት ውስጥ በሚታይ ቦታ ጽፎ መለጠፍና ልጁን የምትይዘው ሞግዚት ወይም አያት ካርዱ የት እንዳለ እንዲያውቁ ማድረግ ያሻል። የከተማ እናት በእግር ሄዳ የምታገኘውን ይህን ክትባት ወደ ደቅ ደሴት ለማድረስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜው ሳይዛባ በበረዶ ሣጥን አድርጎ በጀልባ ጣናን ማቋረጥ ግድ ይላል። ሞቆም፣ ከልክ በላይ ቀዝቅዞም ይበላሻል።

«አስከትቤው ለምን ታመመብኝ?» የሚለውን ቅሬታ በየጊዜው እንሰማለን። ከላይ የተጠቀሱትን ቁጥሮች መልሰው ይመልከቷቸው፤ 21 ከመቶ፣ 37 ከመቶ። ክትባቱ የሚከላከለው የታለመለትን ጀርም እንጂ ሁሉንም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በሰባት የአፍሪካና የእስያ አገሮች ተካሂዶ የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ በከባድ የሳንባ ምች ሆስፒታል ከገቡት ሕፃናት ከግማሽ በላይ የሆኑት የታመሙት በቫይረስ ነበር፤ ከቫይረሶቹም ቀዳሚው አር.ኤስ.ቪ. የተባለው ነው። ለዚህኛው ነፍሰ ጡር እናት ተከትባ መከላከያውን ለጽንሱ የምታስተላልፍበት ክትባት እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ተፈቅዷል። የክትባቱን የሁለተኛ ደረጃ ሙከራ ካካሄዱት አንዱ በመሆን ስማቸው በግንባር ቀደምነት የሰፈረው እነዚያው ከሉሉ ሙሄ ጋር በአዲስ አበባ የሠሩት ኤሪክ ሲሞይስ ናቸው።

ስለዚህ የተከተበም ልጅ ሲስል አተነፋፈሱን ማየት የእናት ሥራ ነው። ይህ ያለ መሣሪያ የሚሠራ ሥራ ነው። በ1980ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፍራንክ ሻን የተባሉ ሐኪም ራጅ በሌለበት በፓፑዋ ኒው ጊኒ ተራሮች ሲሠሩ፣ የሳንባ ምችን ከተራ ጉንፋን ለመለየት የትንፋሽ ፍጥነትን መቁጠርና የደረትን መሰርጎድ ማየት እንደሚረዳ አሳዩ። የዓለም ጤና ድርጅትም ይህንኑ ለጤና ሠራተኞች መመሪያ አደረገው። ከጣና ማዶ፣ በጎንደር አካባቢ በሦስት ጤና ጣቢያዎች የሚሠሩ ስድስት የጤና ሠራተኞች የ9 ቀን ሥልጠና ተሰጥቷቸው በሦስት ሳምንት ውስጥ 449 የታመሙ ሕፃናትን ሲመረምሩ ሥራቸው ተገምግሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመው ይህ የሲሞይስና የኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጥናት በዓለም ላይ ለተስፋፋው የተቀናጀ የሕፃናት ሕክምና መሠረት ከሆኑት አንዱ ነው።

እርስዎም እንዲህ ያድርጉ። ሕፃኑ ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ ጸጥ ብሎ ሳለ ልብሱን ከፍ አድርገው ሆድና ደረቱን ይመልከቱ። በሰዓት ወይም በስልክ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይዘው ትንፋሹን ይቁጠሩ፤ ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ያሳስታል። ከ2 ወር በታች ለሆነ ሕፃን 60ና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለው 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ለሆነው 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ነው፤ በዕለቱ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ በታች ያለው ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ ጡት መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስታውክ፣ የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚፈዝ ልጅ ግን ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ አይጠበቅም። ከ2 ወር በታች የሆነ ሕፃንም እንደዚሁ ነው።

በገጠር ቀበሌ ያሉ ዘመዶችዎ ዘንድ ሲሄዱ ይህን ይንገሯቸው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከባድ ላልሆነው የሳንባ ምች በውኃ የሚሟሟ አሞክሳሲሊን ትሰጣለች። መድኃኒቱ ልጁ በሁለተኛው ቀን ቢሻለውም የታዘዘለት ቀን እስኪያልቅ አይቋረጥም፤ የተረፈውን ለታናሹ ማስቀመጥም አይገባም።

ሳል በበረታ ቁጥር «እንጥሉ ወርዶ ነው» ብለው ልጁን ወደ ቆራጭ የሚወስዱ አሁንም አሉ። እንጥል ከሳንባ ምች ጋር ግንኙነት የለውም፤ ቆረጣው ግን ደም ያፈስሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ መቆራረጫው ንጹሕ ካልሆነ መንጋጋ ቆልፍም ያመጣል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ በዚያ ላይ የሚባክነው ቀን ነው። ስለ ወንዛዬ ፍል ውኃም እንደዚሁ የሚጠይቁን አሉ። ለአዛውንት ወገብና ጉልበት ዕረፍት ይሰጥ ይሆናል፤ ትንፋሽ ያጠረውን ሕፃን ይዞ ወደዚያ መጓዝ ግን ሐኪም ዘንድ መድረስ የነበረበትን ሰዓት መጣል ነው። ጭስም አለ። ልጁን በጀርባ አዝሎ ምድጃ ላይ ጎንበስ ብሎ እንጀራ መጋገር የሳንባውን መንገድ ያቆስለዋል፤ እስክትጋግሩ ድረስ ልጁ በሌላ ክፍል ወይም በደጅ ይቆይ።

በመጨረሻ ብዙ እናቶች አፍረው የማይጠይቁትን አንድ ነገር እንመልስ። ቀጠሮ ያለፈባት እናት «ይቆጡኛል፣ ከመጀመሪያው አስጀምረው መርፌ ያበዙበታል» ብላ ከጤና ጣቢያ ትርቃለች። ቀኑ ቢያልፍም ክትባቱ ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ እንደገና ከአንድ አይጀመርም። ካርዱ ከጠፋ ልጁ የተከተበበት ጤና ጣቢያ መዝገብ አለውና የልጁን ስምና የተወለደበትን ቀን ይዘው ይሂዱ፤ የ15ኛው ወር ኩፍኝ ያለፈውም ልጅ ዘግይቷል ተብሎ አይመለስም።